ከምንጣፉ ስር

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ወለል ነው። ሰው አዲስ ቤት ሲገባ ጣሪያና ግድግዳ ያያል። እኔ ቀድሜ የማየው በሩ ስር ያለውን የምንጣፍ ጠርዝ ነው። ጠርዙ ሰራተኛው ምን ያህል እንደተጠነቀቀ ይናገራል።

ኮንዶሚኒየም የተረከበ ሰው ያውቀዋል፤ ቁልፉን ሲቀበል የሚያገኘው ባዶ ሲሚንቶ ነው። ሴራሚክ ይወደድበታል። ስለዚህ መርካቶ ወርዶ ፕላስቲክ ምንጣፍ በሜትር ያስቆርጣል፣ የዛኑ ቀን ማታ ያነጥፋል። ብዙም ሳይቆይ ጠርዙ ይነሳል፣ መሀሉ ያብጣል። ከዛ ሻጩ ይረገማል። እኔ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከስር ነው ባይ ነኝ።

ሲሚንቶ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ቪኒል፣ ማለትም ፕላስቲኩ ምንጣፍ፣ ደግሞ እርጥበት አያሳልፍም፤ ታፍኖ ይቀርና ኮላውን ያስለቅቃል። መፈተኛው ቀላል ነው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርጉ፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉ፣ በማግስቱ ግለጡት። ከስሩ ጤዛ ከያዘ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ ጠብቁ። ከደረቀ ስንጥቁን ድፈኑ፣ ጉብታውን ፋቁ፣ ደጋግማችሁ ጥረጉ። አንዲት የአሸዋ ፍሬ ስሱ ቪኒል ላይ ጎልታ ትታያለች።

ጥቅሉንም ፈታ አድርጋችሁ ክፍሉ ውስጥ አሳድሩት። ብርድ ላይ የቆየ ቪኒል ግትር ነው፣ ሲያጥፉት ሊሰነጠቅ ይችላል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ፤ ወደ መቁረጡ። በየጎኑ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ይተዉና ግድግዳው ላይ ያስደግፉታል። ማዕዘኑ ጋ ትርፉን ከላይ ወደ ታች ይሰነጥቁታል፣ ያኔ ምንጣፉ እሺ ብሎ ይተኛል። ከዛ ብረት ማስመሪያ ጠርዙ ላይ ተጭኖ ከተሩ ይሄዳል። ምላጩ ከደነዘዘ ይጎትታል፣ ይቀዳል። ለምላጭ አትሰስቱ፣ ጫፉን ቶሎ ቶሎ ስበሩት። ሁለት ቁራጭ የሚገናኝበት ቦታ ላይ አበባውን አገጣጥማችሁ አንዱን በሌላው ላይ ደርቡ፣ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ቁረጡ። ስፌቱ የት እንዳለ ፈልጋችሁ ታጡታላችሁ።

ፀጉራም ምንጣፍ ሌላ ጣጣ አለው። ፈረንጅ አገር ከግድግዳ ግድግዳ ሲነጠፍ፣ ዙሪያውን ሚስማር ያለው ቀጭን እንጨት ይመታል፤ ምንጣፉ ተወጥሮ እዛ ላይ ይያዛል። መወጠሪያው አጭር ብረት ነው፤ ፊቱ ጥርስ፣ ኋላው ትራስ አለው። ሰራተኛው ተንበርክኮ ትራሱን በጉልበቱ እየመታ ይገፋል። ቀኑን ሙሉ።

እንደ ፈረንጆቹ በ1990 የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ስለዚህ አሠራር ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ምንጣፍ አንጣፊዎች ከአገሪቱ ሰራተኛ 0.06 በመቶ እንኳን አይሞሉም ነበር፤ ለጉልበት ጉዳት ከሚቀርበው የካሳ ጥያቄ ግን 6.2 በመቶው የነሱ ነበር። ያንን ቁጥር ሳስበው አሁንም ያመኛል። በረጅም ዘንግ ተቃራኒው ግድግዳ ላይ ተደግፎ፣ በእጀታ የሚወጥር መሳሪያ አለ፤ ተቋሙም የመከረው እሱን ነው። ቀርፋፋ ነው ብለው የሚተዉት አሉ። እኔ አልስማማም።

እኛም አገር አንጣፊው የሚውለው ሲሚንቶ ላይ ተንበርክኮ ነው። ቤታችሁ ሲመጣ እቃውን ቀድማችሁ አውጡለት። የጉልበት መከላከያ ከሌለው ወፍራም ስፖንጅ ስጡት። "ዛሬውኑ ጨርስልኝ" አትበሉት።

በሚቀጥለው ስለ ደረጃ ምንጣፍ እናወራለን። ቸር ሰንብቱ።