የእናት ማዕድና የልጅ አእምሮ፦ ከአምስተርዳም ረኃብ እስከ እኛ ጓዳ

[ምስል፦ በረዶ የጋገረበት የአምስተርዳም ቦይ፣ ጥቁርና ነጭ]

እ.ኤ.አ. መስከረም 1944። በለንደን በስደት ላይ የነበረው የኔዘርላንድስ መንግሥት የባቡር ሠራተኞች ሥራ እንዲያቆሙ ጥሪ አቀረበ። አገሪቱን በወረራ የያዙት ጀርመኖች በብቀላ ወደ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ምግብ እንዳይገባ ከለከሉ። ክልከላው ሲላላ ደግሞ ክረምቱ ከፋና ቦዮቹ በረዶ ሆኑ፤ ጀልባ መተላለፊያ አጣ። የአንድ ሰው የቀን ራሽን ከ1,000 ካሎሪ በታች ወረደ፤ በከፋው ጊዜ ከ400 እስከ 800 ነበር። ሰው የቱሊፕ አበባ ሥር ቀቅሎ በላ። ግንቦት 1945 አገሪቱ ነጻ ስትወጣ ረኃቡም አብሮ አበቃ።

በእነዚያ ወራትም ሴቶች ያረግዙ ነበር።

ረኃብ አብዛኛውን ጊዜ የገባበትና የወጣበት ቀን አይታወቅም። የዚህኛው ግን ይታወቃል፤ ደቾች (የኔዘርላንድስ ሰዎች) ደግሞ መዝገብ አያያዝ ያውቁበታል። ስለዚህ ረኃቡ እያንዳንዱን ሕፃን በስንተኛው የእርግዝና ወር እንዳገኘው ከልደት ቀኑ ተነሥቶ ማስላት ይቻላል።

[ምስል፦ በእጅ የተጻፈ የልደት መዝገብ]

ዜና ስታይንና መርቪን ሱሰር የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር መጀመሪያ የወታደር ምልመላ መዝገብ አገላበጡ። ወጣቶቹ በ19 ዓመታቸው በወሰዱት የማሰብ ችሎታ ፈተና ረኃቡ ምልክት አልተወም። እፎይ የሚያሰኝ ነበር። በ1990ዎቹ ግን ልጃቸው ኤዝራ ሱሰርና ባልደረቦቹ ወደ ሌላ መዝገብ ዞሩ፤ ወደ አእምሮ ሕሙማን መዝገብ። ረኃቡ በበረታበት ወቅት በተጸነሱት ላይ ስኪዞፍሬኒያ (እውነታን ከቅዠት መለየት የሚያሳጣ ከባድ የአእምሮ ሕመም) እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። በ2005 ደግሞ ከቻይናዋ ዉሁ አካባቢ ተመሳሳይ ውጤት መጣ፤ በ1959 ከተወለዱት 0.84 በመቶ፣ የቻይናው ረኃብ በጸናበት በ1960 ከተወለዱት 2.15 በመቶ የሚሆኑት በበሽታው ተይዘዋል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሁለት በመቶ ማለት ከመቶው ዘጠና ስምንቱ አልታመሙም ማለት ነው። ረኃብ ብቻውንም አይመጣም፤ ብርድ፣ ጦርነትና ጭንቀት አብረውት ነበሩ። ስለዚህ ልጇ የታመመባትን እናት «ምን በልተሽ ነው?» የሚል ሰው ሳይንስን ምስክር አድርጎ መጥራት አይችልም።

ታዲያ ረኃቡ ጽንሱን በምን መንገድ ይነካዋል? ሙሉ መልስ የለም፤ ፍንጭ ግን አለ። በ2008 የታተመ ጥናት በኔዘርላንድሱ ረኃብ ወቅት የተጸነሱ ሰዎችን ከስድሳ ዓመት በኋላ መርምሮ፣ ለዕድገት በሚያገለግል አንድ ዘረመል ላይ የሚያርፈው ኬሚካላዊ ምልክት ረኃቡ ካላገኛቸው ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው አንሶ አግኝቶታል። ዘረመሉ ያው ነው፤ የተለወጠው መቆጣጠሪያው ነው። ለዚህ ምልክት ግብዓት ከሚሆኑት አንዱ ፎሌት ነው፤ በጎመንና በምስር ውስጥ የሚገኘው ቫይታሚን።

[ምስል፦ ጽንስ በአራተኛው ሳምንት]

አእምሮና ኅብለ ሰረሰር የሚሠሩበት የነርቭ ቱቦ ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል። ብዙ ሴቶች በዚያን ጊዜ ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። በአገራችን ብዙ እናቶች ለመጀመሪያ ክትትል ጤና ጣቢያ የሚደርሱት ከሦስተኛው ወር በኋላ ነው። ያኔ የሚሰጣቸው የአይረንና የፎሊክ አሲድ (ቱቦው በደንብ እንዲዘጋ የሚረዳ፣ በክኒን የሚሰጥ ፎሌት) ክኒን ለደም ማነስ ይጠቅማል፤ ለቱቦው ግን ጊዜው አልፏል። ፎሊክ አሲድ መጀመር ያለበት ከእርግዝና በፊት ነው።

በየመንደሩ የሚነገረውም አለ፤ «ወተትና ሙዝ አትብዪ፣ ሕፃኑ ራስ ላይ ነጭ ነገር ይለጠፋል»፣ «ብዙ አትብዪ፣ ልጁ ተልቆ ምጥ ይጸናብሻል»። ነጩ ነገር ብዙ ጤነኛ ሕፃናት ይዘውት የሚወለዱት የቆዳ መከላከያ ቅባት ነው፤ ከወተት ጋር አይገናኝም። ይህን ምክር የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ አማትና ጎረቤት ስለሆኑ፣ ነፍሰ ጡሯን ብቻ ማስተማር የትም አያደርስም። በብዙ ቤት እሷ የምትበላው ሁሉም ከበላ በኋላ የተረፈውን ነው።

አዮዲንም አለ። እጥረቱ በአንገት ላይ እንቅርት ሆኖ ይታያል፤ በጽንሱ አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን አይታይም። ስለዚህ አዮዲን ያለው ጨው ይገዛ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር። የአይረኑን ክኒን ከቡናና ከሻይ ጋር መውሰድ አይገባም፤ አይረኑ በደንብ እንዳይገባ ያግዱታል። ቀደም ሲል የነርቭ ቱቦ ክፍተት ያለበት ልጅ የወለደች ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ደግሞ ከተለመደው ከፍ ያለ ፎሊክ አሲድ ሊያስፈልጋት ስለሚችል፣ ከማርገዟ በፊት ሐኪም ታማክር።