የቆየ ሞተር ሳይክል የፊት ፎርክ እንዴት ይስተካከላል?

[ምስል፦ ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ። አንድ ሞተር ሳይክል ኩርባው ላይ ፍሬን ሲይዝ ፊቱ ወደ መሬት ይደፋል።]

ተራኪ፦ ከሐረር ተነስቶ በሐረማያና በደንገጎ በኩል ድሬዳዋ የሚገባ አሽከርካሪ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ይወርዳል። በዚህ ቁልቁለት የሞተሩም የሰውየውም ክብደት ወደ ፊት ያዘነብላል፤ በየኩርባው ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ይብሳል። ፎርኩ፣ ማለትም የፊት ጎማውን ይዘው ምቱን የሚያለዝቡት ሁለት እግሮች፣ የደከመ ሞተር ጉዳቱን የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው።

ብዙዎቻችን የምንወስደው መፍትሔ ወፍራም ዘይት መጨመር ነው። ከዓመታት በፊት የራሴን ሞተር ፎርክ አንድ ጋራዥ በወፍራም የሞተር ዘይት ሞልቶ መለሰልኝ። መደፋቱ እምብዛም አልቀነሰም፤ በሐረር ጀጎል የድንጋይ ንጣፍ ላይ ግን መሪው እጄን እስኪያደነዝዘኝ ድረስ ይመታኝ ጀመር። ምክንያቱን የተረዳሁት ፎርኩን ፈትቼ ውስጡን ካየሁ በኋላ ነው።

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ አንድ የፎርክ እግር፤ ሞላው፣ ቱቦው፣ የተበሳው ዘንግ።]

የቆዩ ሞተሮች ፎርክ አሠራሩ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ እግር ውስጥ ረጅም ሞላ፣ ዘይት፣ እንዲሁም ጎኑ የተበሳ ዘንግ አለ። ሞላው ክብደት ይሸከማል፤ ዘይቱ ደግሞ በዘንጉ ቀዳዳዎች ተጨንቆ ሲያልፍ የሞላውን እንቅስቃሴ ይገታል። የቀዳዳዎቹ ስፋት ስለማይለወጥ፣ የእንቅስቃሴው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የዘይቱ ተቃውሞ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ፍሬን ሲያዝ ፎርኩ የሚታመቀው በዝግታ ስለሆነ ዘይቱ ብዙም አይገታውም። ጎማው የድንጋይ ጠርዝ ሲመታ ግን በቅጽበት ወደ ላይ ስለሚወረወር ዘይቱ ለማለፍ ፋታ አያገኝም፤ ፎርኩም ምቱን እንዳለ ወደ እጅ ያሻግራል። ዘይቱን ማወፈር እንግዲህ ሁለተኛውን ችግር ሲያባብስ የመጀመሪያውን ብዙም አይፈውስም። መደፋትን መሸከም ያለበት ሞላው ነው፤ ሥራውም ከሞላው ይጀምራል።

በቅድሚያ የሚለካው አሽከርካሪው ሲቀመጥ ፎርኩ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ነው። ሞተሩን ከሥሩ በክሪክ አንስተው የፊት ጎማው ከመሬት ሲላቀቅ፣ የሚያብረቀርቀውን ቱቦ ከአቧራ መከላከያው ጎማ እስከ ላይኛው ማቀፊያ ድረስ በሜትር ይለኩ። ከዚያ ሞተሩን አውርደው፣ ዘወትር የሚለብሱትን ለብሰው ይቀመጡበት። ረዳትዎ ፊቱን ወደ ታች ተጭኖ በዝግታ ለቆ ይለካ፤ ቀጥሎም ወደ ላይ ስቦ በዝግታ ለቆ እንደገና ይለካ። ሁለቱ ቁጥሮች አይገጥሙም፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው በፎርኩ ውስጥ ያለው ሰበቃ ነው። ለምሳሌ ፎርኩ ተዘርግቶ 200 ሚሊ ሜትር ቢለካ፣ ሲቀመጡበት ደግሞ አንዴ 132 ሌላ ጊዜ 144 ቢሆን፣ አማካዩ 138 ነው፤ ስለዚህ 62 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል። ጠቅላላ ጉዞው፣ ማለትም ከተዘረጋበት እስከ መጨረሻው እስኪታመቅ የሚሄደው ርቀት፣ 180 ሚሊ ሜትር ለሆነ ፎርክ ይህ ሲሶ ያህል ነው። ለመንገድ ከሩብ እስከ ሲሶ ያለው ዝቅታ ተስማሚ ነው። በሁለቱ ልኬቶች መካከል ያለው ልዩነት በጣም ከሰፋ ግን ሌላውን ሁሉ ትተው ቱቦው አለመጣመሙን፣ የጎማው አክስልም እግሮቹን ወደ ጎን ሳይጎትት መታሰሩን ይመርምሩ።

ዝቅታው ከበዛ፣ በሞላውና በክዳኑ መካከል ከጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ የተቆረጠ ማስረዘሚያ ከብረት ሮንዴላ ጋር ይገባል። በሁለቱም እግሮች 10 ሚሊ ሜትር መጨመር ዝቅታውን 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ይህ ሞላውን አያጠነክረውም፤ የሚያነሳው ፊቱን ብቻ ነው። ብዙ ማስረዘሚያ ጨምረው የአሽከርካሪው ዝቅታ ቢስተካከልም፣ ሞተሩ ባዶውን ሲቆም ፎርኩ ምንም ዝቅ የማይል ከሆነ ሞላው ለክብደትዎ ለስላሳ ነውና መለወጥ አለበት።

[ምስል፦ የፎርኩ ክዳን ሲፈታ፤ እጅ ክዳኑን ወደ ታች ተጭኖ ይዟል።]

ክዳኑን ሲፈቱ በጣም ይጠንቀቁ፤ ከሥሩ ያለው ሞላ ታምቆ ስለተቀመጠ የመጨረሻው ጥርስ ሲለቅ ክዳኑን ወደ ላይ ሊያስፈነጥረው ይችላል። የፊት ጎማው ከመሬት የተነሳ ይሁን፤ ፊትዎንም ከክዳኑ አቅጣጫ ያርቁ።

የዘይቱ ከፍታ የሚለካው ሞላው ወጥቶ፣ ፎርኩ እስከ መጨረሻው ተጨፍልቆ፣ አየሩም ደጋግሞ በመግፋት ከወጣ በኋላ፣ ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ወለል ድረስ ነው። ከዘይቱ በላይ የሚቀረው አየር ራሱ እንደ ሁለተኛ ሞላ ይሠራል፤ ቦታው በግማሽ ሲጠብ ግፊቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ስለዚህ ጉልበቱ የሚሰማው በጉዞው መጨረሻ ላይ ነው። ፎርኩ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ እስከ ታች እየደረሰ የሚመታ ከሆነ ዘይቱን በአንድ ጊዜ ከ10 ሚሊ ሜትር ሳያስበልጡ ከፍ ያድርጉ። ከልክ በላይ ከሞሉት የዘይት ማገጃው ጎማ ግፊቱን መሸከም ያቅተዋል። ልክ ላይ ምልክት የተደረገበት ቀጭን ቱቦ ያለው ሲሪንጅ ትርፉን ለመምጠጥና ሁለቱን እግሮች ለማመሳሰል ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል።

ስለ ዘይቱ ዓይነት አጭሩ መልስ የአምራቹን መመሪያ መከተል ነው። አብዛኛውን ጊዜ 10 ቁጥር የፎርክ ዘይት ይበቃል፤ ካልተገኘ ደግሞ ቀዩን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት መጠቀም ይቻላል፤ የሆንዳ የቆዩ መመሪያዎችም ይህንኑ ያዝዙ ነበር። ዘይት በሙቀት እንደሚቀጥን ግን አይዘንጉ። በሐረማያ ብርድ ማለዳ ልኩን የያዘ የሚመስል ፎርክ፣ በድሬዳዋ የቀትር ሙቀት ከጉብታ በኋላ ሊነጥር ይችላል፤ ስለዚህ ሞተሩ ብዙ በሚሠራበት ሙቀት ይፈትኑት።

[ምስል፦ በውስጠኛው ቱቦ ላይ የታሰረ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ።]

ለፈተናው ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ በቱቦው ላይ አስረው እስከ አቧራ መከላከያው ያውርዱት፤ ከዚያ የደንገጎን ቁልቁለት እንደወትሮው ፍጥነት ይውረዱ። ከተማ ሲገቡ ማሰሪያው ፎርኩ ከፍተኛውን መታመቅ ያደረገበት ቦታ ላይ ቆሞ ያገኙታል። ከጉዞው ወደ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ከቀረው ልክ ነው። እስከ ጫፍ ከደረሰ የዘይቱን ከፍታ፣ ከጉዞው ሲሶው ሳይነካ ከቀረ ደግሞ የሞላውን ጥንካሬ እንደገና ይመልከቱ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ ልኩን በደብተር ይመዝግቡ። በማግስቱ ጠዋት ቱቦውን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ጨርቁ ላይ የዘይት ቀለበት ከታየ ማገጃው ጎማ አፍስሷል፤ ያ ዘይት የፊት ፍሬኑ ላይ ሳይደርስ መለወጥ አለበት።