ሦስቱን ኪሶች መመለስ፦ ከአኦርታ ቫልቭ በላይ ያለ ጥበት ቀዶ ሕክምና

የተከበራችሁ የሕፃናት ሐኪሞች፣ የልብ ቀዶ ሕክምናና የማደንዘዣ ባለሙያዎች፣ የልብና ሳንባ ማሽን ባለሙያዎች፣ ነርሶች፤ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ የምናነሳው ከልብ በሚወጣው ዋና የደም ቧንቧ፣ በአኦርታ፣ ላይ ከቫልቩ በላይ ያለውን፣ ከልደት ጀምሮ የሚመጣ ጥበት ነው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ባጋጠመ ጊዜ ግን እንደ ተራ የቫልቭ ጥበት ከታየ ልጁን ያሳጣናል።

መነሻው በክሮሞዞም 7 ላይ ያለው የኢላስቲን፣ ማለትም የደም ቧንቧን የመለጠጥ ችሎታ የሚሰጠው ፕሮቲን፣ ዘረመል ጉድለት ነው። አንዳንዱ በቤተሰብ ይወረሳል፤ ብዙው ግን በፈረንጆቹ 1961 ከኒውዚላንድ ከተገለጸው፣ ከክሮሞዞም 7 ቁራጭ በመጉደሉ ከሚከሰተው ከዊልያምስ ሲንድረም ጋር ይመጣል። ኢላስቲን ሲያንስ የደም ቧንቧው ግድግዳ ይወፍራል፣ ይደድራል። ከቫልቩ ቅጠሎች ጀርባ ያሉት ሦስት ኪሶች አልቀው ቀጥተኛው ቧንቧ በሚጀምርበት መጋጠሚያ ላይ ቀለበት የመሰለ ጥበት ይፈጠራል። በጥቂቶች ደግሞ ጥበቱ እስከ አኦርታ ቅስት ይዘልቃል።

አደጋው ከጥበቱ በታችና በላይ ከምንለካው የግፊት ልዩነት ያለፈ ነው። የልብን ጡንቻ የሚመግቡት የኮሮናሪ ቧንቧዎች የሚነሱት ከጥበቱ በታች ስለሆነ ልብ በተኮማተረ ቁጥር ከፍተኛ ግፊት ያርፍባቸዋል፤ ግድግዳቸውም ይወፍራል። የቫልቩ ቅጠል ከጥበቱ ጠርዝ ጋር ተጣብቆ የግራውን ኮሮናሪ አፍ ሊዘጋ ይችላል። የደደረው አኦርታ መልሶ ስለማይገፋ ደግሞ ልብ በሚያርፍበት ጊዜ ወደ ኮሮናሪ የሚሄደው ደም ይቀንሳል፤ የወፈረው ጡንቻ ግን ብዙ ይፈልጋል።

ስለዚህ ሳይዘጋጁ ማደንዘዣ መስጠት አይገባም። ልጁ ለረጅም ሰዓት ጾሞ እንዳይደርቅ በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጠው። ልቡ መፍጠን የለበትም፤ የታችኛው የደም ግፊት መውረድ የለበትም፤ ቧንቧ አጥባቂ መድኃኒት ተቀድቶ በእጅ ይሁን። እንዲህ ያለ ልጅ ልቡ አንዴ ከቆመ መመለሱ እጅግ ከባድ ነው። ለሲቲ ምስል ብቻ ተብሎ የሚሰጥ ማደንዘዣም ቢሆን ያው ነው።

ምልክት ያለበት ልጅ፣ ወይም በኢኮ፣ ማለትም በልብ አልትራሳውንድ፣ የተለካው አማካይ የግፊት ልዩነቱ ከ50 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያለፈ ልጅ ለቀዶ ሕክምና ይታሰባል። ኮሮናሪው ከተነካ ቁጥሩን መጠበቅ አያስፈልግም። በረጅም ጥበት ላይ ኢኮ የግፊት ልዩነቱን አጋኖ ሊያሳይ ስለሚችል ሌላ ምስል ይታከልበት።

ወደ ጥገናው እንምጣ። ዘዴዎቹ በፈጠሯቸው ቀዶ ሐኪሞች ስም ይጠራሉ፤ ዓመቶቹም የፈረንጆች ናቸው። በ1961 የታተመው የማክጉን ዘዴ ኮሮናሪ የሌለበትን ኪስ ብቻ ከፍቶ አንድ ፓች፣ ማለትም መጣፊያ፣ ይሰፋበታል። ዶቲ በ1977 ፓቹን ሁለት እግር አድርጎ የቀኙን ኪስ ጨመረ። ብሮም በ1988 አኦርታውን አቋርጦ ሦስቱንም ኪስ ከፍቶ ሦስት ፓች አስገባ። ማየርስ በ1993 ያለ ፓች፣ የላይኛውን ቧንቧ ራሱን በሦስት ሰንጥቆ ከኪሶቹ ጋር አጋጠመው። ይህ ሁሉም ነገር የልጁ የራሱ አካል በመሆኑ ለእድገት ይመቻል፤ ቧንቧው ካጠረ ግን ስፌቱ ይወጠራል።

እኛ ወደ ሦስቱ ኪስ የምናደላበትን ምክንያት ሒሳቡ ያሳያል። የመጋጠሚያው ዲያሜትር 8 ሚሊሜትር ሆኖ ወደ 14 ልናሰፋው ብንፈልግ ዙሪያው በ19 ሚሊሜትር ገደማ መጨመር አለበት። ይህን ሁሉ በአንድ ኪስ ላይ ብንጭነው ያ ኪስ ይነፋል፣ ሌሎቹ ሁለቱ እንደጠበቡ ይቀራሉ፣ ቅጠሎቹም መሐል ላይ እኩል ላይገጥሙ ይችላሉ። ለሦስት ቢካፈል ግን ለእያንዳንዱ 6 ሚሊሜትር ከጥቂት ይደርሰዋል። በየጎኑ 1.5 ሚሊሜትር ለስፌት ስንጨምር ፓቹ ላይኛው ጠርዙ ላይ 9 ሚሊሜትር ያህል ሆኖ፣ ወደ ታች እየጠበበ በኪሱ ወለል ላይ ያልቃል። ፓቹን አስፍቶ መቁረጥም ጉዳት አለው፤ የቅጠሎቹ ማያያዣዎች ወደ ውጭ ይለጠጡና ቫልቩ መሐሉ ላይ ያፈሳል።

በሥራው ጊዜ አኦርታው ከጥበቱ በላይ ተቋርጦ የኮሮናሪ አፎች በዓይን ይታያሉ። ልብን የሚያቆመው መድኃኒት በቀጥታ በአፎቹ፣ በተጨማሪም በልቡ የደም መልስ ሥር በኩል ወደ ኋላ ይሰጣል፤ የወፈረ ጡንቻ በአንዱ ብቻ በበቂ ሁኔታ ላይጠበቅ ይችላልና። የተጣበቀ ቅጠል በጥንቃቄ ይላቀቃል። ቅዱ ከኮሮናሪው አፍ ጎን ይውረድ እንጂ በአፉ ላይ አይለፍ። ፓቹ ከልጁ የልብ ሽፋን ወይም ከከብት ሽፋን ሊሆን ይችላል፤ በ5-0 ወይም 6-0 ፖሊፕሮፒሊን ክር ይሰፋል። ከመሥሪያው ጠረጴዛ ሳይወርድ በጉሮሮ ኢኮ ቫልቩ ይታይ፣ ከጥበቱ በላይና በታች ግፊት በመርፌ ይለካ። ጥበቱ እስከ ቅስቱ ከዘለቀ ፓቹም እዚያው ድረስ መሄድ አለበት፤ ለዚህም ሰውነቱን በእጅጉ አቀዝቅዞ የደም ዝውውሩን ማቆም ሊያስፈልግ ይችላል።

ልጁ ከዳነም በኋላ ክትትሉ የዕድሜ ልክ ነው፤ ኢኮ እየተደረገለት፣ የደም ግፊቱ በሁለቱም ክንድ እየተለካ። ግፊቱ ከፍ ብሎ ከተገኘ የኩላሊት ደም ቧንቧዎቹ ይመርመሩ፤ ያው የኢላስቲን ጉድለት እዚያም ሊያጠባቸው ይችላል።

አመሰግናለሁ።