ጎጃም ላይ የተሞከረው ልዩ ኃይል

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራው በ1933 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ጣሊያንን ስለወጋው ስለ ጌዴዎን ጦር ነው። ልዩ ኃይል ሲነሳ ወሬው ሁሉ ወደ ሰሜን አፍሪካ በረሃ ይሮጣል። ኤስ ኤ ኤስ የሚባለው ስመ ጥሩ የእንግሊዝ ልዩ ኃይል ግብፅ ውስጥ የተቋቋመው በሐምሌ 1933 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ የጎጃሙ ሥራ አልቆ ነበር።

እንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት የመራው ይህ ጦር 2,000 ሰው አይሞላም፤ ሱዳናውያን፣ ከስደት የተመለሱ ኢትዮጵያውያንና ጥቂት እንግሊዞች። ሞርታር አለው፣ መድፍ የለውም። ጃንሆይ ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ ድንበር ሲሻገሩ ስንቁም ጥይቱም በግመል ነው የተጫነው፤ ከ15,000 በማያንስ ግመል። ስሌቱ የተበላሸው እዚህ ነው። የቆላ ግመል እግሩ ለአሸዋ እንጂ ለበላያ ተራራ ድንጋይ አልተሠራም። ይቆስላል፣ ያዳልጠዋል፣ የደጋው ብርድ ይጨርሰዋል። መንገዱን ሬሳ ሞላው። ዊንጌት በ1935 በርማ ሲዘምት የያዘው በቅሎ ነው፤ ስንቁም ከአውሮፕላን ይጣልለት ነበር።

ታዲያ ይህ ጦር ጣሊያን የመሸገባትን ቡሬን እንዴት አስለቀቀ? ሌሊት በትናንሽ ቡድን ተጠግቶ ይተኩሳል፣ ሳይነጋ ቦታ ይቀይራል። ምሽግ ውስጥ ያለው አዛዥ ተኩሱ ከስንት አቅጣጫ እንደመጣ እንጂ ስንት ሰው እንደተኮሰ አያውቅም። አደጋም አለው፦ የተደናገጠ ጠላት ሲሸሽ መንገዱ ላይ ያገኘውን ይደፈጥጣል። በየካቲት መጨረሻ ደምበጫ አጠገብ አንዱ የኢትዮጵያውያን ሻለቃ የደረሰበት ይኸው ነው።

ግን ማታለሉ የሠራው፣ በእኔ እምነት፣ ለጣሊያኑ እውነቱን የሚነግረው ሰው ስለጠፋ ነው። ገጠሩ የአርበኞቹ የእነ በላይ ዘለቀ፣ የእነ መንገሻ ጀምበሬ ነበር፤ ጠላት ከምሽጉ የሚወጣው በብዛት ሲሆን ብቻ ነው። ያንንም አርበኛው ያደረገው አንድ አንድ ጥይት በሚጎርስ ውጅግራ ጭምር ነው። የውጅግራ ባሩድ ጥቁር ነው፤ ጭሱ የተኳሹን ቦታ ያጋልጣል። ስለዚህ ተኩሶ ወዲያው መዛወር ግድ ነው። ደጋግሞ ልተኩስ ያለ በመትረየስ ይለቀማል። ይህን ማንም መኮንን አላስተማራቸውም።

ግንቦት ላይ አጊባር በተባለ ቦታ የተከበበው የጣሊያኑ ኮሎኔል ማራቬንታኖ በሺዎች የሚቆጠር ጦር ነበረው። ዊንጌት በደብዳቤ ያስፈራራው በራሱ ወታደሮች አልነበረም፤ እጅህን ካልሰጠህ እኛ እንሄዳለን፣ ከአርበኛው ጋር ትቀራለህ ነው ያለው። ማራቬንታኖ እጁን ሰጠ።