ታሪኩን የሚተርከው ማን ነው?

የተከበራችሁ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች፣

ስለ ጀማሪ ደራስያን ችግር ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው የምናብ እጥረት ነው። እኔ ግን በእጄ በገቡት ረቂቆች ውስጥ ይህን እምብዛም አላየሁም። ሴራው አለ፣ ገጸ ባሕርያቱም አሉ፤ ታሪኩን የሚተርከው ማን እንደሆነና ምን ያህል እንደሚያውቅ ግን አልተወሰነም። ስለዚህ የተሰጠኝን ጊዜ በአብዛኛው በአንጻር ላይ፣ ማለትም ታሪኩ በማን ዓይን እንደሚታይ በሚለው ላይ፣ አውለዋለሁ።

«እኔ» እያለ የሚያወጋ አንደኛ መደብ ተራኪ ለአንባቢ ይቀርባል፤ ነገር ግን እርሱ ያልተገኘበትን ቦታ ሊያሳየን፣ በሌላው ሰው ልብ የሚመላለሰውንም ከግምት አልፎ ሊነግረን አይችልም። ደራሲው ይህን ዘንግቶ ሲነሣ ተራኪውን በየበሩ ጆሮ እያስጠባ፣ የሰው ደብዳቤ በአጋጣሚ እጁ ላይ እየጣለ ሊያስኬደው ይገደዳል፤ እንዲህ ያለው አጋጣሚ ሲደጋገም ደግሞ አንባቢ ማመኑን ይተዋል። ሁሉን አወቅ ተራኪ ነጻነቱ ሰፊ ነው፤ አደጋውም እዚያው ላይ ነው። በአንድ አንቀጽ ከእርሷ ሐሳብ ወደ እርሱ፣ ከእርሱ ወደ ጎረቤቱ ከተዘለለ አንባቢ ከማን ጋር ሆኖ እንደሚሠጋ ይጠፋዋል። በአንድ ትዕይንት ከአንድ ሰው ጋር መቆየት ይሻላል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ምርጫው ለታላላቆቹም ቀላል አልነበረም። ሩሲያዊው ደራሲ ዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት»ን መጀመሪያ ያረቀቀው ነፍሰ ገዳዩ ራሱ በአንደኛ መደብ እንዲናዘዝ አድርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1865 መገባደጃ ግን የጻፈውን አቃጥሎ እንደገና ጀመረ፤ በ1866 በመጽሔት በተከታታይ የወጣው ልቦለድ በሦስተኛ መደብ፣ «እርሱ» እየተባለ፣ የተተረከ ሲሆን ተራኪው ከነፍሰ ገዳዩ ከራስኮልኒኮቭ ጎን እምብዛም አይለይም። በእኔ ግምት ትርፉ ግልጽ ነው፤ በትኩሳት የሚቃዥ ሰው የራሱን ነገር በቅደም ተከተል ሊያወጋ አይችልም፣ ከትከሻው አጠገብ የቆመ ተራኪ ግን ቅዠቱንም ሰውየውንም ያሳያል።

ረቂቃችሁ አልንቀሳቀስ ካለ አንድ ገጽ መርጣችሁ በሌላ መደብ ጻፉት። ከ«ሄድሁ» ወደ «ሄደ» ከመለወጥ በቀር ምንም ካልተነካ፣ ተራኪው ገና የራሱ ድምፅ የለውም ማለት ነው።

የምልልስ ችግርም አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ ይመነጫል። ወንድም ለወንድሙ «እንደምታውቀው አባታችን ከሞተ ዐሥር ዓመት ሆኖታል» ሲለው የሚናገረው ለእኛ ነው፤ ወንድሙማ የሚያውቀውን ነገር ለምን ይነገረዋል? መረጃው የግድ ካስፈለገ ተራኪው በአንድ ዐረፍተ ነገር ይንገረን፤ አለበለዚያ ወንድማማቾቹ በውርሱ ሲጣሉ ከጠባቸው መሐል ይውጣ።

ስለ መቼት፣ ማለትም ታሪኩ ስለሚፈጸምበት ቦታና ጊዜ፣ እንዲሁም ስለ ምልሰት፣ ማለትም ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን ስለ መተረክ፣ ብዙ አልልም፤ በሦስተኛው ገጽ ላይ ወደ ልጅነት ዘመን የሚሸሽ ምዕራፍ ግን ብዙውን ጊዜ የተጀመረው ትዕይንት ስላልተመቸው የሸሸ ነው።

እርማቱን ረቂቁ ከማለቁ በፊት አትጀምሩ። ሲያልቅ ከዳር እስከ ዳር አንብባችሁ በየትዕይንቱ ራስጌ ይህን የሚያየው ማን እንደሆነ ስሙን ጻፉ፤ ሁለት ስም የሚጠይቅ ትዕይንት ካገኛችሁ ሥራውን ከእርሱ ጀምሩ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።