«እኔማ ረዳኋቸው»

ሰላም፣ ሰላም። እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የአፓርታማውን ጉዳይ እጨርሳለሁ ብያችሁ ነበር። አልጨርስም። የቅዳሜው ነገር ከራሴ አልወጣ ብሎኛል፤ እሱን ካልተነፈስኩ ሌላ ነገር ማውራት አልችልም። ስትጠብቁ የነበራችሁ ይቅር በሉኝ።

ቅዳሜ ዳኝነት ነበረኝ። የተማሪዎቹ የሳይንስ አውደ ርዕይ። በየዓመቱ እንደምሄድ ታውቃላችሁ። የቆያችሁት ደግሞ የሮኬቱን ልጅ ታስታውሳላችሁ፣ ያን ሳምንት ሙሉ ያወራሁለትን። ዘንድሮ ሮኬት የለም። ዘንድሮ እንጀራ ነው።

አዎ፣ እንጀራ። የአሥረኛ ክፍል ልጅ ናት። ስሟንም ትምህርት ቤቷንም አልናገርም፤ አንዳንድ ዝርዝርም ቀያይሬአለሁ። ልጅ ናት፣ ዳኝነትም ሚስጥር አለው።

መጀመሪያ ሥራዋን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሥራው ግሩም ነው። እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ በክረምት ሊጥ እምቢ እንደሚል ታውቃላችሁ። በጋ ላይ በሁለት በሦስት ቀን የሚቦካው፣ ጥር ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አንዱ ምድጃ ውስጥ ከቶ መብራቱን ያበራለታል። ሌላው በብርድ ልብስ ይጠቀልለዋል። እማዬ በስልክ «ማሞቂያው አጠገብ አድርጊው አላልኩሽም?» ትላለች፣ የተለመደውን። ይቺ ልጅ ግን ነገሩን ይዛ ጥያቄ አደረገችው። አንድ ዓይነት ጤፍ፣ አንድ ዓይነት እርሾ፣ የተለያየ ሙቀት። በየጥቂት ሰዓቱ የአሲዱን መጠን ለካች። ከዚያ አብሲቱን በተለያየ ሰዓት ጣለች። ጋገረች። እንጀራውን ከላይ ፎቶ አነሳች። ከዚያ፣ ይህንን ስሙኝ፣ የእንጀራውን ዓይን በኮምፒውተር ቆጠረች። በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ስንት ዓይን እንዳለ።

እኔ ቀኑን ሙሉ ላብራቶሪ ውስጥ ፒኤች፣ ያንኑ የአሲድ መጠን፣ ስለካ የምውል ሰው ነኝ። ስንት ዘመን እንጀራ በልቻለሁ፣ ዓይኑን መቁጠር አንድም ቀን አልመጣልኝም። ግራፉን ሳየው እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

እና አሁን ወደዚያች ደቂቃ ልምጣ።

ሁለት ሆነን ነው የምንዞረው። ከእኔ ጋር የተመደቡት ሽማግሌ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ ኢንጂነር። ደግ ሰው ናቸው፤ ይህን አስምሩበት፣ ምክንያቱም ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ልጆቹ እንዳይፈሩ ብለው ጎንበስ ብለው ነው የሚያናግሯቸው። ወላጆች በዳኝነት ሰዓት አዳራሹ ውስጥ የሉም። ልጅቷ ከሰሌዳዋ አጠገብ ቆማለች፣ ሁለት እጇን ከፊቷ አጣምራ። ልክ እንግዳ ቤት ሲገባ እንደምንቆመው።

«ይህን ሀሳብ ያመጣው ማነው?» አሏት።

«አያቴ ናት።»

«ፎቶውን የሚቆጥረውን ፕሮግራምስ?»

«ወንድሜ አሳየኝ።»

«መለኪያውን ከየት አገኘሽ?»

«አስተማሪዬ አዋሱኝ። አባቴ ደግሞ ሌሊት ሌሊት እየተነሳ ቁጥሩን ያነብልኝ ነበር።»

እሳቸው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ «ታዲያ አንቺስ ምን ሠራሽ?»

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። ፈገግ አለች። «እኔማ ረዳኋቸው።»

እስክሪብቶው ሲንቀሳቀስ አየሁት። ምን እንደጻፉ አላየሁም። ግን መጻፋቸውን አየሁ።

እኔ ይህንን ነገር ከቅዳሜ ጀምሮ እየደጋገምኩ ነው። መኪና ውስጥ፣ ሻወር ውስጥ። ምክንያቱም እሷ ስትመልስ እኔ የሰማሁትና እሳቸው የሰሙት አንድ አይደለም። እኔ የሰማሁት በደንብ ያደገች ልጅ ነው። አያት እያለች «እኔ አሰብኩት» አይባልም። አባት ሌሊት ተነስቶ «እኔ ለካሁት» አይባልም። «ሰው ያመስግንሽ እንጂ ራስሽን አታመስግኚ» ተብለን ነው ያደግነው፣ እኔም እናንተም። እሳቸው የሰሙት ግን የቤተሰብ ሥራ ይዛ የመጣች ልጅ ነው። ደግሞ በምን ይፈረድባቸዋል? የተናገረችው ያንን ነው።

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። በአማርኛ ልጠይቃት እችል ነበር። አልጠየቅኩም፤ ለሌሎቹ ልጆች የሌለ በር ለእሷ መክፈት ተገቢ አይደለም፣ አሁንም እንደዚያ ነው የማምነው። በእንግሊዝኛ፣ «አብሲቱን ዘግይተሽ የጣልሽበት ለምንድነው ዓይኑ ያነሰው?» አልኳት። አቤት! ልጅቷ ተለወጠች። እጇ ተፈታ። ጋዙ መቼ እንደሚበዛ፣ አብሲቱ ሊጡን እንደሚያወፍረውና አረፋውን እንደሚይዘው፣ ሊጡ በጣም ከኮመጠጠ በኋላ ግን ጋዝ የሚሠሩት ተህዋስያን እየደከሙ መሆን አለበት ብላ እንደጠረጠረች፣ ይህንን ግን በሙከራ እንዳላረጋገጠች። «እንዳላረጋገጠች» ነው ያልኳችሁ። ይህን የምትል የአሥረኛ ክፍል ልጅ ስንት አለ?

ደብተሯን ገለጥኩት። የሙከራ ደብተሩን። አንዱ ገጽ ላይ ሊጥ ፈስሶበት ደርቆ ወረቀቱ ተጨማዷል። ከሥሩ በእርሳስ፣ «ሐሙስ ጠዋት። ሦስተኛው ሳህን ተበላሸ። ሙቀቱን ረሳሁት። እንደገና ከመጀመሪያው።» የራሷ የእጅ ጽሑፍ ነው። ገጽ በገጽ የራሷ። ፕሮግራሙም እንዲሁ፤ ወንድሟ ያሳያት ፎቶውን እንዴት እንደሚከፍት ብቻ ነው። ይህንን ያወቅኩት እኔ ስለጠየቅኳት ነው። በራሷ አፍ አትናገረውም።

አሁን ነጥቡን ላስረዳችሁ፣ ለማታውቁት። እነዚህ የአካባቢ አውደ ርዕዮች ወደ ትልቁ ነው የሚያመሩት፣ ወደ አይሴፍ። ዓለም አቀፉ የሳይንስና ኢንጂነሪንግ አውደ ርዕይ። እ.ኤ.አ. በ1950 ፊላደልፊያ ላይ የተጀመረ ነው። በየግንቦቱ ከ60 በላይ ከሆኑ አገሮችና ግዛቶች ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ይመጡበታል። መመዘኛው ከ100 ነው። ለጥናቱ ጥያቄ 10፣ ለአሠራሩ ንድፍ 15፣ ለአፈጻጸሙ 20፣ ለፈጠራው 20። አቀራረቡ ግን 35 ነው፤ ከዚያ ውስጥ ቃለ መጠይቁ ብቻ 25። እዚያ ውስጥ ደግሞ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ልጁ ሥራውን ምን ያህል በራሱ እንደሠራው ነው።

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልመጣም። ይህንንም ማለት አለብኝ። ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ገብቶ፣ በሚሊዮን ዶላር ማሽን፣ ፕሮፌሰር ከኋላው ቆሞለት የሚመጣ ልጅ አለ። ወላጅ ሠርቶለት የሚመጣም አለ። ካልጠየቅክ እንዴት ትለያለህ? የዚያው ቀን አንድ ልጅ ነበር፣ ጎበዝ፣ «እኔ ነደፍኩት፣ እኔ አረጋገጥኩት፣ እኔ» እያለ የሚያስረዳ። ቅጹ ላይ ስታየው ማሽኑም ናሙናውም የላብራቶሪው ነው። ዋሽቷል አልልም። ለፍቷል። እሱም ልጅ ነው፣ እንደዚያ ተናገር ተብሎ ነው ያደገው። ግን የሁለቱን ልጆች ንግግር ጎን ለጎን ስታስቀምጡት...

እሺ። ዓለም አቀፉን የተማሪዎች የሒሳብ ውድድር፣ ኦሊምፒያዱን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1959 ሩማንያ የተጀመረውን። ሁለት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት ተኩል፣ ስድስት ጥያቄ፣ እያንዳንዱ 7 ነጥብ፣ ድምሩ 42። ልጁ በፈለገው ቋንቋ ይጽፋል። ጽፎ ይወጣል። ከዚያ የቡድኑ መሪ ወረቀቱን ይዞ ከአራሚዎቹ ጋር ይቀመጣል። «እዚህ መስመር ላይ እኮ ሀሳቡ አለ፣ ተመልከቱት» ብሎ ይከራከርለታል። ልጁ እዚያ ክፍል ውስጥ የለም። እንዲናገር አይጠበቅበትም። ኢራናዊቷ ማርያም ሚርዛኻኒ እ.ኤ.አ. በ1995 ቶሮንቶ ላይ 42 ከ42 ስታመጣ ወረቀቷ ነው የተናገረላት። እ.ኤ.አ. በ2014 የሒሳብን ትልቅ ሽልማት፣ የፊልድስ ሜዳልያን ያገኘችው፣ ከሴት የመጀመሪያዋ፣ እሷ ናት። ይህን ሳስብ ለይቺ ልጅ የሚሻላት እዚያ ነው እላለሁ። ወረቀት ላይ ጽፎ መውጣት።

ግን ደግሞ እዚያ ጥያቄውን የሚያመጣው ሌላ ሰው ነው። ሊጡ ለምን አይቦካም ብላ ልትገባ አትችልም። የእሷ ጉብዝና ጥያቄው ላይ ነው። ስለዚህ አይሆንም። ወይም... አላውቅም፣ ተውኩት።

ስለ ሄማን በቀለ ልትጽፉልኝ እንደሆነ አውቃለሁ። እዚህ ዲሲ አካባቢ ሄማንን የማይጠራ ወላጅ የለም። ልጁ ዘጠና አምስት ሲያመጣ፣ «ሄማንን አላየህም?» ይባላል። አዲስ አበባ ተወልዶ በ4 ዓመቱ ወደዚህ የመጣ ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የቆዳ ካንሰርን ለማከም ባሰበው ሳሙና የስሪኤም ኩባንያን የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር አሸነፈ፤ በ2024 ታይም መጽሔት የዓመቱ ልጅ ብሎ መረጠው። ኮርቻለሁ፣ እንደ ሁላችሁም። ሀሳቡ የመነጨው ኢትዮጵያ ውስጥ በፀሐይ ሲሠሩ ካያቸው ሰዎች እንደሆነ ተናግሯል። በዚያ ውድድር ግን ለመጨረሻው ዙር ላለፉት ሁሉ አማካሪ ሳይንቲስት ይመደብላቸዋል። በግልጽ፣ በደንቡ። እርዳታ ማግኘት ነውር አይደለም። ታዲያ ፕሮፌሰር ሲረዳ «አማካሪ» ነው፣ አያት ስትረዳ ለምን ነጥብ ይቀነሳል? ይህች ሴት ዕድሜ ልኳን ሊጥ ያቦካች ናት። በአብሲት ጉዳይ ከእሷ በላይ አዋቂ ከየት ይመጣል?

ትንሽ ተናደድኩ። ቆይ ውኃ ልጠጣ።

ዳኞች ክፍል ውስጥ ተናግሬአለሁ፤ ዝም አላልኩም። ባልደረባዬ «በጣም ጥሩ ልጅ ናት፣ ሥራው ግን የቤተሰብ ነው» አሉ። ደብተሩን አነሳሁ፣ ያንን የተጨማደደውን ገጽ ነገርኳቸው። አዳመጡኝ። አንዷ ዳኛ ሄዳ እንደገና አናገረቻት። በመጨረሻ በዘርፏ ሽልማት አግኝታለች፣ ወደ ላይ ግን አላለፈችም። በቃለ መጠይቁ ነው? ወይስ ሌሎቹ በእውነት በልጠው? ጠንካራ ሥራዎች ነበሩ። እውነቱን ለመናገር ይህንን መለየት አልችልም፣ የሚያብሰለስለኝም እሱ ይመስለኛል።

ሽልማት ሲሰጥ ቤተሰቡ መጥቶ አየሁ። አያትየው ነጠላ ለብሰዋል። ሜዳልያውን ልጅቷ አውልቃ ለእሳቸው አጠለቀችላቸው። ሰዉ አጨበጨበ፣ ያ ሽማግሌ ዳኛም አጨበጨቡ፣ ከልባቸው። እኔ ግን ደስ ማለቱም ንዴቱም አንድ ላይ መጣብኝ።

ትናንት አንዲት አድማጭ ከአሌክሳንድሪያ፣ ከዚሁ ከቨርጂኒያ፣ ጽፋልኛለች፣ ስለ ቅዳሜው ሳታውቅ። «ልጄ ለሚቀጥለው ዓመት ውድድር እየተዘጋጀች ነው፣ ምን ላለማምዳት?» ትላለች። መልስ ጀመርኩላት። «‹እኔ ሠራሁት› ማለትን አለማምጃት» ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። ምክንያቱም ያንን የምታለማምጂያት ልጅ ነገ ቤት ስትመጣስ? ሜዳልያውን ለአያቷ የምታጠልቀው ልጅ ያቺው ትሆናለች? ትሆን ይሆናል። ልጆች ሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት መሆን ያውቁበታል፤ ከእኛ በላይ። ወይም ደግሞ እኔ አጋንኜው ይሆናል።

ከዚያ ለአዘጋጆቹ ልጽፍ አሰብኩ። «አንቺ ምን ሠራሽ» ከማለት፣ «የተበላሸብሽን ቀን አሳዪኝ» ብለን እንጠይቅ። የሠራው ሰው የተበላሸበትን ቀን ያውቃል። በሰው ሥራ የመጣ አያውቅም። ጥሩ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ይህም ቢሆን በአንድ ዓመት ውስጥ ይለመዳል፣ ወላጆች ለዚያም ያለማምዳሉ...

ልጅቷ አሥረኛ ክፍል ናት። ገና ሁለት ዓመት አላት። ትመለሳለች ብዬ ነው የማስበው፤ ስለ ማሽላ ሊጥ የጀመረችው ነገር ነበር፣ የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ። ለአሌክሳንድሪያዋ እናት ግን እስከ አሁን አልመለስኩላትም። እናንተ ምን ትሏት ነበር? እኔ እንግዲህ... ቆይ፣ እማዬ እየደወለች ነው።