ኮፔዩ ቴራፒውን እንዳያስቋርጠን

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ሳምንቱን ሙሉ ስትሠሩ ከርማችሁ፣ በእሁድ ከሰዓት ስለ ኢንሹራንስ ለመስማት መምጣታችሁ ትልቅ ነገር ነው። አመሰግናለሁ።

ለማታውቁኝ፣ እኔ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ነኝ። እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ ነው የምሠራው። ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ሥራ የማስቀጥር መስሏቸው "ልጄን አስገቢልኝ" ያሉኝ እናቶች አሉ። ሥራዬ ሌላ ነው። ስትሮክ የመታው ሰው ሸሚዙን ራሱ እንዲቆልፍ፣ እጇ የተሰበረባት እናት ጀበናዋን አንስታ ቡና እንድትቀዳ፣ ሰው ሳይረዳቸው ገላቸውን እንዲታጠቡ ማለማመድ ነው። ፊዚካል ቴራፒስት ደግሞ ወገብን፣ ጉልበትን፣ ትከሻን፣ አረማመድን ይይዛል። አገር ቤት ወጌሻ ጋ ነበር የምንሄደው። ወጌሻ አንዴ ሁለቴ አሽቶ፣ አስሮ ይሸኛል። ቴራፒ ግን በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ ለወራት የሚመላለሱበት ነገር ነው። የዛሬው ጉዳዬ ያለው እዚህ መመላለሱ ላይ፣ በተመላለስን ቁጥር ከኪሳችን በምንከፍለው ድርሻ፣ በኮፔዩ ላይ ነው።

ስለ አባዬ ልንገራችሁ። አባዬ ታክሲ ነድቶ ነው ያሳደገን። የዛሬ ጥቂት ዓመት የቀኝ ትከሻው ጅማት ተበጥሶ ኦፕራሲዮን ሆነ። ኦፕራሲዮኑ ጥሩ ነበር። ሐኪሙ በሳምንት ሁለት ቀን ለሦስት ወር ቴራፒ አዘዘለት፣ ይህም ጥሩ። ችግሩ ኢንሹራንሱ ቴራፒስቱን ከስፔሻሊስት ሐኪም እኩል ነው የሚቆጥረው። የቤተሰብ ሐኪሙ ጋ ሲሄድ 25 ዶላር የሚከፍለው ሰው፣ ቴራፒ በሄደ ቁጥር 60 ዶላር ሆነበት። አስቡት፣ ስፔሻሊስት ጋ በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ነው የሚኬደው፤ 60 ዶላር ያኔ ያማል ግን ያልፋል። ቴራፒ 24 ጊዜ ነው። 24 ጊዜ 60፣ 1,440 ዶላር። ያውም መንዳት ስለማይችል ገቢ በሌለበት በሦስት ወር ውስጥ።

አባዬ ሰባት ጊዜ ሄዶ አቆመ። ለእኔ አልነገረኝም። "ቴራፒው እንዴት ነው?" ስለው "ጨረስኩ፣ ደህና ነኝ" አለኝ፣ እኔም ሥራዬ ሆኖ ሳለ አመንኩት። ያወቅኩት በፋሲካ ነው። ከላይኛው መደርደሪያ ሰሃን ሲያወርድ በግራ እጁ ነበር። ቀኝ እጁ ከትከሻው በላይ አይወጣም። ለምን እንዳልነገረኝ ስጠይቀው፣ "ልጄ፣ በሳምንት 120 ዶላር ከየት አመጣለሁ? አንቺን ደግሞ ማስጨነቅ አልፈለግኩም" አለኝ። እቤት ልሠራለት ሞከርኩ። ግን ትከሻ አንዴ ከደረቀ በኋላ ማላላት ከመጀመሪያው በብዙ ይከብዳል፤ ዛሬም ድረስ ጃኬት ሲለብስ እናቴ ናት እጅጌውን የምትይዝለት።

ይህ የአባዬ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ቆሜ አልናገረውም ነበር። ክሊኒክ ውስጥ በየሳምንቱ አየዋለሁ። ሰው ሊሻለው ሲጀምር ይቀራል። ስንደውልለት "ሥራ በዝቶብኝ ነው" ይላል። እኛ ሀበሾች ገንዘብ አጠረኝ ማለት አንወድም። መሃል ላይ የቀረ ቴራፒ ደግሞ የተከፈለበትም ገንዘብ፣ ኦፕራሲዮኑም ጭምር ግማሹ እንደ ባከነ ቁጠሩት።

ጭራሽ የሚገርመውን ልንገራችሁ። ክሊኒኩ ከኢንሹራንሱ ጋር የተስማማው ዋጋ ለአንድ ቀን 90 ዶላር ቢሆንና የእናንተ ኮፔይ 60 ቢሆን፣ ኢንሹራንሱ የሚያዋጣው 30 ዶላር ብቻ ነው። በየወሩ ፕሪሚየም የምትከፍሉበት ሽፋን ማለት ይሄ ነው። ስትሮክ ያገኘው ሰው ደግሞ ሁለቱም ቴራፒ ያስፈልገዋል፤ በአንዳንድ ፕላን በአንድ ቀን ሁለቱን ቢሠራ ሁለት ኮፔይ ይከፍላል።

ይህ ነገር መፍትሔ አለው፣ በሌሎች ስቴቶች ተሞክሮም ያውቃል። ኬንታኪ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ሕግ፣ ለፊዚካልና ለኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚጠየቀው ኮፔይ ሐኪም ቢሮ ሲኬድ ከሚከፈለው እንዳይበልጥ ከለከለ። በ2013 ሚዙሪ የፊዚካል ቴራፒ ኮፔይ ከቤተሰብ ሐኪም ኮፔይ እንዳይበልጥ አደረገ፣ በኋላም ኦኩፔሽናል ቴራፒ ተጨመረበት። ኮኔቲከት ደግሞ ቁርጥ ያለ ቁጥር አስቀመጠ፤ በኔትወርክ ውስጥ ላለ፣ ማለትም ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ላለው ቴራፒስት በአንድ ጉብኝት ከ30 ዶላር በላይ ኮፔይ የለም። እኔ የምወደው የኬንታኪን መንገድ ነው፤ ቁጥር በጊዜ ያረጃል፣ "ከሐኪሙ አይበልጥም" የሚል ሕግ ግን አያረጅም። በአባዬ ሂሳብ 1,440 ዶላሩ 600 ይሆን ነበር። 600 ዶላርም ቀላል ገንዘብ አይደለም፣ ግን አባዬ ይጨርሰው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ኢንሹራንሶቹ "ኮፔይ ከቀነሳችሁ የሁሉም ሰው ፕሪሚየም ይጨምራል" ይላሉ። አልዋሻችሁም፣ ከወጪው የተወሰነው ወደ ፕሪሚየም ሊሄድ ይችላል። ግን ቴራፒውን ያቋረጠው ሰው ከሕመሙ አይድንም እኮ። ወይ ተመልሶ ኦፕራሲዮን ይሆናል፣ ወይ ደረጃ ላይ ይወድቅና ኢመርጀንሲ ይገባል፣ ወይ ማስታገሻ ይውጣል። ለዚያም ወጪ ከዚሁ ፕሪሚየም ነው የሚከፈለው። ሲዲሲ የሚባለው የፌደራል የጤና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ለሐኪሞች ባወጣው መመሪያ፣ ለቆየ ሕመም ኦፒዮይድ ከሚባሉት ሱስ የሚያስይዙ ጠንካራ ማስታገሻዎች ይልቅ እንደ እንቅስቃሴ ሕክምና ያሉት እንዲቀድሙ መክሯል። ታዲያ ክኒኑ ርካሽ፣ ቴራፒው ውድ ከሆነ ድሃው የቱን ይመርጣል?

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ላስጠንቅቃችሁ፣ ኋላ እንዳትቀየሙኝ። የስቴት ሕግ ሁሉንም ፕላን አይነካም። ትልልቅ ሆቴል፣ ሆስፒታል፣ አየር ማረፊያ የምትሠሩ ብዙዎቻችሁ ቀጣሪያችሁ ራሱ የሕክምናውን ወጪ የሚሸፍንበት ፕላን ውስጥ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ካርዱ ላይ የኢንሹራንስ ኩባንያ ስም ይኑር እንጂ ከፋዩ ቀጣሪው ነው። እንዲህ ያለውን ፕላን ኢሪሳ የሚባለው የ1974 እ.ኤ.አ. የፌደራል ሕግ ከስቴት የኢንሹራንስ ሕግ ውጭ ያደርገዋል። ስለዚህ ኤች አር፣ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍሉ ጋ፣ ሄዳችሁ "ፕላናችን ሰልፍ ፈንድድ ነው ወይ?"፣ ማለትም ከፋዩ ቀጣሪው ራሱ ነው ወይ፣ ብላችሁ ጠይቁ። ከሆነ ጥያቄያችሁ መሄድ ያለበት ለቀጣሪው ነው፣ ዩኒየን፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ ካላችሁም በዩኒየኑ በኩል።

ሜዲኬር፣ መንግሥት በተለይ ለአረጋውያን የሚሰጠው ኢንሹራንስ፣ ላላችሁ አባቶችና እናቶች ደግሞ። አሁንም "የቴራፒ ኮታዎ አልቋል" እየተባሉ ወደ ቤት የሚመለሱ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣ ሕግ በእርግጥ ጣሪያ ተደርጎ ነበር፤ በዓመት 1,500 ዶላር፣ ፊዚካልና የንግግር ቴራፒ አንድ ላይ፣ ኦኩፔሽናል ለብቻው። ያ ጣሪያ ግን በ2018 ተሰርዟል። አሁን በየዓመቱ የሚወሰነው መጠን፣ በ2025 ለምሳሌ 2,410 ዶላር የነበረው፣ ሲታለፍ ቴራፒስቱ ሕክምናው አስፈላጊ መሆኑን በሚልከው የሂሳብ መጠየቂያ ላይ ያረጋግጣል እንጂ ሕክምናው አይቆምም። "አልተሻለዎትም፣ ስለዚህ አንቀጥልም" ማለትም ብቻውን በቂ ምክንያት አይደለም። በ2013 በጸደቀ የፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት፣ ያለዎትን አቅም ላለማጣት የባለሙያ እጅ የሚፈልግ ቴራፒም ይሸፈናል። ተጨማሪ ኢንሹራንስ ከሌለዎት ግን ከዲዳክተብሉ፣ ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በየዓመቱ ራስዎ ከሚከፍሉት መጠን፣ በኋላ 20 በመቶው የእርስዎ ነው፤ እሱም ተጠራቅሞ ይከብዳል። ሜዲኬር አድቫንቴጅ፣ ማለትም ሜዲኬርን በግል ኢንሹራንስ ኩባንያ በኩል የምታገኙበት ፕላን፣ ያላችሁ ኮፔያችሁን ለብቻ እዩት፣ ከፕላን ፕላን ይለያያል።

እንግዲህ የምለምናችሁ። የሜሪላንድ ምክር ቤት በየጥር አናፖሊስ ላይ ለ90 ቀን ይሰበሰባል። ዶክተርና ጠበቃ ብቻ አይደለም የሚሰማው፤ ማንም ነዋሪ በጽሑፍ ምስክርነት ማስገባት ይችላል። ቨርጂኒያና ዲሲ ያላችሁም የየራሳችሁ እንደራሴ አላችሁ። ጥያቄያችን አንድ ነው፣ የቴራፒ ኮፔይ ከቤተሰብ ሐኪም ኮፔይ እንዳይበልጥ በሕግ ይታሰር። እንግሊዝኛችሁ አይጨንቃችሁ፣ በሱ እንረዳዳለን። ዋናው ታሪኩ ነው። ስንት ጊዜ ታዘዘላችሁ፣ ስንት ጊዜ ሄዳችሁ፣ ለምን አቆማችሁ። እነዚህን ሦስቱን ብቻ ጻፉልኝ።

ከኖቬምበር 1 ጀምሮ በማርኬትፕሌስ፣ በመንግሥት በተቋቋመው የኢንሹራንስ መገበያያ፣ ፕላን የምትመርጡ ደግሞ ፕሪሚየሙን ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ። በእያንዳንዱ ፕላን አጭር መግለጫ ላይ "ሪሃቢሊቴሽን ሰርቪስስ" (የማገገሚያ አገልግሎት) የሚል መስመር አለ። ኮፔዩ ስንት እንደሆነ፣ ዲዳክተብሉ መቅደም አለመቅደሙን፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድ እዚያው ተጽፏል።

ቡናው እየቀረበ ነው። እኔና ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ እንቀመጣለን። የኢንሹራንስ ካርዳችሁን ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናየዋለን። ቴራፒ ጀምሮ ያቆመ ካለ ደግሞ በጆሮዬም ቢሆን ይንገረኝ፤ አባዬም እዚያው አጠገቤ ነው የሚቀመጠው፣ የእሱን ምስክርነት ዛሬ አብረን ነው የምንጽፈው።